ከመስመሩ ጎን

ጥቅምት 3፣ ሰኞ

ሥራ መጣ። የእንግዳ ማረፊያ ልትከፍት ያለችው ሴትዮ ዛሬ ቤታችን ድረስ መጥታ የባለቤቴን ምንጣፎች አንድ በአንድ አገላብጣ አየች። ጫማዋን አውልቃም ረገጠቻቸው። ከዚያ ለእንግዳ መቀበያው ክፍል የሚሆን ትልቅ ምንጣፍ አዘዘች፦ ሐይቅ ዳር የቆሙ ረጃጅም ወፎች፣ ዙሪያውን ደግሞ ቀጥ ያለ የሦስት መስመር ጠርዝ። ቤቱ የሚከፈተው ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ ነው።

«ንድፉን ማን ነው የሚያወጣው?» አለች።

«ባለቤቴ ነው። የታፔላ ሠዓሊ ነበር» አለቻት ሚስቴ።

«ነበር» ያለችው ነገር ከነከነኝ። እውነቷን ነው እንግዲህ። መንገዱ ላይ ባነር ማተሚያ ከተከፈተ ወዲህ ታፔላ በእጅ የሚያጽፍ ሰው የለም። ብሩሾቼን አጥቤ ሰቅዬ የሚስቴ ንድፍ ገልባጭ ሆኛለሁ። እሷ ያረጀ ልብስ በቀጭን በቀጭኑ ትቀድና፣ በፍሬም ከተወጠረ ጆንያ ሥር በመንጠቆ እየሳበች ጥቅጥቅ አድርጋ ታወጣዋለች፤ ምንጣፍ ይሆናል። የኔ ድርሻ ከዚያ በፊት ነው፤ ንድፉን ወረቀት ላይ ሠርቼ ወደ ጆንያው መገልበጥ። ሰፈሩ ግን ዛሬም «ጋሽ መስመር» ነው የሚለኝ። ያለ ማስመሪያ ቀጥ ያለ መስመር የሚጥል ሌላ ሰው እዚህ አካባቢ የለም።

ጥቅምት 6፣ ሐሙስ

ምንጣፉ ሰፊ ስለሆነ በሦስት ቁራጭ ይሠራል፤ መጨረሻ ላይ የሚስቴ ወንድም፣ ልብስ ሰፊው፣ በስፌት መኪናው ያገጣጥመዋል። ዛሬ የመጀመሪያውን ቁራጭ ጀመርኩ። ወረቀቱ ላይ የሙሽራ ቬሎ የመሰለ ስስ መረብ ጨርቅ አነጠፍኩና ንድፉን ቀዳሁት። ከዚያ መረቡን ጆንያው ላይ አድርጌ በማርከር ስደግመው ቀለሙ በቀዳዳው እያለፈ ታች ይቀራል። ቀላል ነገር ነው። ዓይኔን ጨፍኜም እሠራዋለሁ።

ዛሬ ግን መረቡ አስቸገረኝ። ይንሸራተታል። የወፏ እግር ላይ መስመሩ ተንገጫገጨ። በመርፌ ቁልፍ ወጠርኩት፤ ያው ነው። ርካሽ ዕቃ ገዝታለች።

ጥቅምት 9፣ እሑድ

በዚህ ቤት ሻይ በግማሽ ስኒ ሆኗል። «ስኳሩ ነው ወይስ ቅጠሉ ያለቀው?» ብላት፣ «ሙሉ ስኒ ቶሎ ይቀዘቅዝብሃል» አለችኝ። ሙሉ ስኒ ከግማሹ ቀድሞ እንደሚቀዘቅዝ በዚህ ዕድሜዬ ዛሬ ሰማሁ።

አባቴ ሻዩን በሁለት እጁ ይዞ ነበር የሚጠጣው። ልጅ ሆኜ የትልቅ ሰው ወግ ይመስለኝ ነበር። ዛሬ እኔም እንደዚያ ያዝኩት። መዳፍ ያሞቃል።

ጥቅምት 11፣ ማክሰኞ

ደረስኩበት። ጠረጴዛው ነው። ማርከሩን ሳሳርፍ ይንቀጠቀጣል። ጎረቤቴ አናጢው ነው የሠራልኝ፤ ያን ጊዜም ስለ እንጨቱ ጥርጣሬ ነበረኝ። ነገ እነግረዋለሁ።

ጥቅምት 15፣ ቅዳሜ

ነገርኩት። «የኔ ጠረጴዛ አይንቀጠቀጥም» ብሎ ውሃ ልኩን ይዞ መጣ። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው፤ አረፋዋ መሐል ላይ ቀጥ ብላ ቆመች።

«ይኸው» አለ።

«ባዶውን ሲሆንማ ማንም ቀጥ ይላል። ሲሠራበት ነው የሚታየው» አልኩትና ማርከሬን አንስቼ የጠርዙን መስመር ጀመርኩ።

ጠረጴዛውን ሳይሆን እኔን ነበር የሚያየው። ከዚያ ጎንበስ አለ፣ ካርቶን አጠፈና ከአንዱ እግር ሥር ወሸቀ።

«ልክ ነህ» አለ። «ትንሽ ይጫወታል።»

ይሄ ሰው ከወጣትነታችን ጀምሮ «ተሳስቻለሁ» ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። አንድ ጊዜ የማይዘጋ በር ገጥሞ እንኳ ጥፋቱ የቤቱ ነው ብሏል። ዛሬ አሸነፍኩት። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ሲወጣ ግን በር ላይ ከሚስቴ ጋር ቆሞ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ብዙ አወራ። በሰው ጠረጴዛ ጉዳይ ምን የሚያንሾካሹክ ነገር አለ?

ጥቅምት 19፣ ረቡዕ

የመጀመሪያው ቁራጭ አለቀ፤ እሷ መንጠቆዋን ጀምራለች። እኔ ሁለተኛው ላይ። ከሰዓት ብርሃን የለም። ጠርዙ አልሄደልኝም። ነገ መስኮቱ ጋ።

ካርቶኑ ምንም አልጠቀመም።

ጥቅምት 22፣ ቅዳሜ

ዛሬ አንጀቴ አርሯል።

ሚስቴ እኔን ሳታማክር ለሴትዮዋ ደውላ ጠርዙን አስለወጠች። ቀጥ ያለው መስመር ቀርቶ የውሃ ሞገድ ይሁን ተባለ።

«ሐይቅ አይደል? ሞገድ ቢሆን ያምራል ብዬ ነው» አለችኝ፤ የምትቀደውን ሹራብ እያየች።

«ቀጥ ያለ ጠርዝ ሥዕሉን ይሰበስበዋል። ሞገድ ይበትነዋል። ይሄን ለማወቅ ሠላሳ ዓመት ፈጅቶብኛል።»

«እሷም ወዳዋለች።»

«አንቺ ብትያት የድመት ጭራም ትወዳለች።»

ሳቀች። እኔ ለማሳቅ አልነበረም። ቀጥ ያለ መስመር ማለት እኔ ነኝ፤ ሰው በዚያ ነው የሚጠራኝ። እሱን አውጥታ እንደ ትል የሚጠማዘዝ ነገር አስገባች።

ሞገዱ ግን ቶሎ አለቀልኝ፤ እውነት ለመናገር። ከሰዓት በኋላ ብቻ ተቀምጬ፣ እሷ ገና ያልደረሰችበትን የመጀመሪያውን ቁራጭ ጠርዝ በሞገድ ጨረስኩ። ሞገድ ምን ሥራ አለው፤ ማንም ይሠራዋል።

ጥቅምት 26፣ ረቡዕ

ፊደሎቼን ሰፋ አድርጌ መጻፍ ጀምሬያለሁ። አንድ ገጽ ላይ የሚገባው ነገር አነሰ። መነጽሬን ማስመርመር አለብኝ።

ዛሬ ከውጭ ስገባ ሚስቴ ጓዳ ውስጥ በስልክ ከልጃችን ጋር ታወራ ነበር። ልጅቷ ሌላ ከተማ ነው ያገባችው፤ በሳምንት አንዴ ትደውላለች። ጫማዬን ለማውለቅ በር ላይ ጎንበስ እንዳልኩ ሰማሁ።

«አይ፣ አልነገርኩትም... ሲሠራ አጠገቡ አልቆምም፤ ሰው ሲያየው ይብሳል... አውቃለሁ የኔ ልጅ፣ ግን እንዴት አድርጌ ከእጁ ልንጠቀው?»

ጫማዬን መልሼ አሰርኩና ወጣሁ። ሰፈሩን ዞርኩ።

ምኑን ነው የምትነጥቀኝ? ግልጽ ነው። ሥራውን ነው። እናትና ልጅ በሥራዬ ተማክረው ጨርሰዋል፤ የቀረው ለእኔ መንገር ነው።

ጥቅምት 28፣ ዓርብ

እንደፈራሁት ሆነ። ልብስ ሰፊው መጣና፣ ከወዲያ ከወዲህ ሲል ቆይቶ፣

«ጋሼ፣ ይሄ ባነር ቤት አሁን ጨርቅ ላይም ያትማል ይባላል» አለኝ። «ንድፉን አንዴ ብትሰጧቸው ጆንያው ላይ አትመው ያመጡታል። እርስዎም ያርፋሉ።»

«ደክሞኛል ያለህ ማን ነው?»

«ኧረ ማንም። እንዲያው ለምን ይለፋሉ ብዬ ነው።»

ሚስቴን አየኋት። ጨርቋን ትቀዳለች፤ ቀና አትልም። ቀና ብትል ኖሮ ምናልባት ዝም እል ነበር።

«ማሽን ከፈለግሽ ከማሽን ጋር ሥሪ» አልኳት። «ያለ እኔ መስመር ግን አንቺ ጨርቅ ቀዳጅ ነሽ። ሌላ ምንም አይደለሽም።»

ወንድሟ ፊት ነው ያልኳት። ቅዳጆቿን ሰብስባ በቀሚሷ ያዘችና ወደ መኝታ ቤት ገባች። ወንድሟ ኮፍያውን ፈልጎ እስኪያገኝ ድረስ ሁለታችንም ወለሉን አየን።

ኅዳር 1፣ ሰኞ

ምግቤ ይቀርባል። ሸሚዜ ይታጠባል። ሲመሽ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትተኛለች። ስድብ ብትመልስልኝ በወደድኩ።

ያልኩትን ነገር ደጋግሜ ሳስበው ራሴን አላገኘሁበትም፤ የሌላ ሰው አፍ ይመስላል። ታፔላ የቀረ ጊዜ እኮ ይህቺ ሴት ናት ቤቱን ያቆመችው። አንድም ቀን «ሥራ ፈታህ» አላለችኝም። ይልቅ አንድ ጠዋት ጆንያ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ፣ «እኔ መሳል አልችልም፤ አበባ ሳልልኝ» አለችኝ። አሁን ሳስበው፣ ከዚያ በፊት የሠራቻቸውን አበቦች ማን ሳለላት?

ይቅርታ ልላት ሦስት ጊዜ አፌን ከፈትኩ። አንዴ ጨው እንድታቀብለኝ ጠየቅኋት፣ አንዴ ስለ ዝናቡ አወራሁ፣ አንዴ ዘጋሁት።

ኅዳር 3፣ ረቡዕ

መድኃኒት ቤቱ በር ላይ ያለውን ታፔላዬን ሄጄ አየሁት። ቀለሙ ለቋል፤ ፊደሉ ግን ቀጥ ብሎ ቆሟል። ብዙ ስቆም ባለመድኃኒቱ ወጥቶ «ጋሼ፣ ምን ላምጣልዎት?» አለኝ። «ምንም» አልኩት።

ስመለስ ከሰልባጅ ተራ አንድ ብርቱካንማ ሹራብ ገዛሁላት፤ ለወፎቹ አፍ ይሆናል ብዬ። «አመሰግናለሁ» አለችኝ፤ ለባለሱቅ እንደሚባለው አድርጋ።

ኅዳር 6፣ ቅዳሜ

ይሄን እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም። እንደሆነው ልጻፈው።

እሷ ገበያ ወጣች። የጨረሰችው የመጀመሪያው ቁራጭ ከፍሬሙ ወርዶ ሶፋው ላይ ተጣጥፎ ተቀምጧል። ዘረጋሁት። ወፎቹ ቆመዋል፤ እግራቸው እንደ ሸምበቆ ቀጥ ያለ ነው። ደረቴ ነፋ። «ይኸው የኔ መስመር፤ ማሽን ይሄን ያምጣ» አልኩ፤ ማንም በሌለበት።

ከዚያ ገለበጥኩት። ለምን እንደገለበጥኩት እንጃ፤ ታፔላ ላይ የመጨረሻ ሥራ ጀርባውን ማየት ነው፣ ልማድ ይሆናል። ከጀርባው ጆንያው ገና ይታያል። የኔ ማርከርም ሰርጎ ይታያል። ቅዳጁ ደግሞ በሱ ላይ አይሄድም፤ ከጎኑ ነው የሚሄደው። አንዳንዴ በግራው፣ አንዳንዴ በቀኙ።

መጀመሪያ ደሜ ፈላ። መስመሬን ትታ የራሷን ሄዳለች፤ ንቃኛለች ብዬ። ወደ መስኮቱ ወስጄ በብርሃን አየሁት። የሷ ቅዳጅ ከላይ እስከ ታች አንድ ወጥ ነው። መስመሩ ነው የሚወላገደው። ትኩሳት ያለበት ሰው የጎተተው ይመስላል። በወፎቹ እግር ሁሉ፣ በሸምበቆው ሁሉ፣ እንደዚያ። ሞገዱ ላይ ብቻ ነው ሁለታችን አንድ ላይ የሄድነው።

እንደነበረ አጠፍኩት። እጥፋቱ አላምር ብሎኝ ደግሜ አጠፍኩት።

ጆንያ ሻካራ ነገር ነው። ማርከር ይይዛል።

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ

ሦስተኛው ቁራጭ፤ የመሐሉ። ትልቋ ወፍ ያለችበት። ሁሉም ሰው በሩን እንደከፈተ የሚያየው እሷን ነው።

በግራ እጄ ቀኙን ደግፌ ያዝኩ። አንገቷ ደህና ሄደ። ጭንቅላቷ ላይ ስደርስ ማርከሩ ዘለለ። ላርም አልኩ፣ ሌላ መስመር። እሱን ላርም አልኩ። አሁን በጎን የምትታየው ወፍ ሦስት አፍና ሁለት ዓይን አላት። ማርከር አይጠፋም። ጆንያውን ጠቅልዬ ከአልጋው ሥር አስገባሁት።

ኅዳር 11፣ ሐሙስ

አልሠራሁም። «ለምን?» አላለችኝም።

ሴትዮዋ ደውላ ነበር። ሚስቴ «ይደርሳል» ስትላት ሰማሁ።

ኅዳር 12፣ ዓርብ

ጠዋት ጆንያውን ከአልጋው ሥር አወጣሁና ፊቷ ዘረጋሁት። ሦስት አፍ ያላትን ወፍ አየች። እኔም አብሬ አየሁ።

«እጄ ነው» አልኳት።

«አውቃለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ሻይህን ማጉደል ከጀመርኩ ወዲህ። ሱሪህ ላይ ስታፈሰው እንዳላየሁ እሆን ነበር፤ አንድ ቀን ተቃጠልክብኝ። ከዚያ ወዲህ ነው።»

«ጠርዙስ?»

«ጠርዙንማ አየሁት። ቀጥ አልል ሲልህ ሞገድ አደረግኩት። ሞገድ ቢንቀጠቀጥ ሞገድ ነው።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንተ ለምን አልነገርከኝም?»

ተቀመጥኩ። ስለዚያ ቀን ስለተናገርኩት ነገር እንዲህ ብዬ ጀመርኩ፦ «የዚያን ዕለት በወንድምሽ ፊት...» ድምፄ ከእጄ ብሶ ተገኘ። አላስጨረሰችኝም። «እሱን አልረሳልህም» አለች፤ ረጋ ብላ። «ግን አሁን ጫማህን አድርግ። ሐኪም ጋ ቀጠሮ ይዣለሁ፤ ለሰኞ ነው፤ ዛሬ ሄደን እናረጋግጥ።»

ቀጠሮውን የያዘችው ከሳምንታት በፊት ነው ለካ። እኔን ነበር የምትጠብቀው።

ኅዳር 15፣ ሰኞ

ሐኪሟ ልጃችንን የምታህል ሴት ናት። እጄን ዘርግቼ እንድይዝ፣ ጣቴን ከአፍንጫዬ ወደ ጣቷ እንድወስድ አዘዘችኝ። ከዚያ ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጠችኝ።

«አባባ፣ ከመሐል ጀምረው እየሰፋ የሚሄድ ክብ ይሣሉልኝ። እንደ ቀንድ አውጣ ቤት።»

ሚስቴ ዓይኗን ወደ መስኮቱ መለሰች።

በሕይወቴ የቆርቆሮ ግድግዳ ሙሉ ስያለሁ። መሰላል ጫፍ ላይ ቆሜ፣ በንፋስ፣ አንድ እጄ ቀለም ይዞ። ሰው መንገድ ላይ ቆሞ ያየኝ ነበር። ዛሬ የተጠየቅኩት ሕፃን የሚሣለውን ነው። ጀመርኩ። ቀስ ብዬ ሄድኩ። ትንፋሼን ያዝኩ። ስጨርስ አየሁት፤ የመጋዝ ጥርስ ነው። ማን ሣለው ብባል አላውቀውም እል ነበር።

ሐኪሟ አጠገቡ ቀን ጻፈችበት።

«ከቤተሰብ እንዲህ የሚያደርገው ሰው ነበር?»

«የለም» ልል ነበር። ከዚያ የአባቴ ሁለት እጆች ትዝ አሉኝ፤ ስኒውን እንደያዙ። ነገርኳት።

የሚገድል አይደለም አለች። የሚድንም አይደለም። የሚውጥ ነገር ጽፋልኛለች፤ ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም። «እጅዎ ሥራ ሲይዝ ነው የሚብሰው» አለች። ለሌላ ሰው ይሄ ቀላል ወሬ ነው።

መንገድ ላይ ሚስቴ ክንዴን ያዘችኝ። የያዘችው የሚንቀጠቀጠውን ነው። አልተከራከርኩም።

ኅዳር 17፣ ረቡዕ

አንድ ቦታ መቀመጥ አልቻልኩም። ክፍል ከክፍል እዞራለሁ። ብሩሾቼን አወረድኩ፣ መልሼ ሰቀልኩ። ልጃችን ደውላ ብዙ አጽናናችኝ፤ «እሺ፣ እሺ» አልኳት። አናጢው መጥቶ ካርቶኑን ከጠረጴዛው እግር ሥር አወጣ።

ባነር ቤት እንሰጠው እንደሆነ ራሴ ጠየቅኋት። በልቤ ግን «አይሆንም» እንድትል እየለመንኩ።

«አይሆንም» አለች። «አንተ እየነገርከኝ እኔ ልሣለው።»

ኅዳር 20፣ ቅዳሜ

የትልቋን ወፍ አንገትና ጭንቅላት በትልቅ ወረቀት ላይ ሚስቴ ሣለች፤ እኔ ከኋላ ቆሜ እየነገርኳት። ቀኑን ሙሉ ፈጀ።

«ወደ ላይ።»

«ወደ ላይ ነው ያልሄድኩት?»

«ወደ ላይ ማለት ወደ ላይ ነው። አንቺ የሄድሽው ወደ ጎረቤት ነው።»

«እንግዲህ ጎረቤት ትሂድ፤ ወፍ አይደለች?»

መጀመሪያ ዶሮ ወጣች። ቀጥሎ ዳክዬ። ከዚያ፣ ሁለታችንም በርሃብ ዝም ባልንበት ሰዓት፣ አንዲት ወፍ ወጣች። የኔ ወፍ አይደለችም። አንገቷ ትንሽ ይወፍራል፤ ዓይኗ ግን ሰው ያያል። እኔ የሠራኋቸው ወፎች ሰው አይተው አያውቁም።

ችግሩ እንዴት ወደ ጆንያው እንገልብጣት ነው። መረቡን ብንጠቀም ማርከሩን እኔ አልይዝም፤ እሷ ብትይዝም ታች የኔ ጥቁር ዝብርቅርቅ አለ፤ መስመር ከመስመር አይለይም።

ጀማሪ ሳለሁ ሥራውን ያስተማረኝ ጌታዬ ትልልቅ ፊደል እንዴት ግድግዳ ላይ ያሳርፍ እንደነበር ትዝ አለኝ። ወረቀቱን በመስመሩ ላይ በመርፌ ይበሳና ግድግዳው ላይ ይዞ በጠመኔ ዱቄት ቋጠሮ ይመታው ነበር። እኔ ያንን ሥራ እንቅ ነበር፤ እጅ የሌለው ሰው ዘዴ ነው እል ነበር።

ኅዳር 22፣ ሰኞ

ወረቀቱን ለልብስ ሰፊው ወሰድኩለት። የዚያን ዕለት ስለሆነው ነገር አንዳችንም አላነሳንም። ክሩን ከመርፌው አውጥቶ፣ ወረቀቱን በመኪናው ሥር እያዞረ በወፏ መስመር ላይ ነዳው። እንደ ወንፊት በስቶ ሰጠኝ። «እርስዎ የሚያመጡት ሥራ ሁሌ ሌላ ነው» አለ። ይቅርታ ያለኝ እንደዚያ ነው፤ ወይም እኔ ያልኩት።

ቤት ስገባ ሚስቴ ጠመኔ ፈጭታ በአሮጌ ካልሲ ቋጥራ ጠብቃለች። ጆንያውን ጠረጴዛው ላይ ወጠርን። ወረቀቱን በላዩ ዘረጋች፤ ማዕዘኖቹን ያዘች።

«ምታ» አለችኝ።

ካልሲውን ያዝኩ። እጄ የለመደውን ማድረግ ጀመረ። ካልሲው ወረቀቱ ላይ ቱፍ ቱፍ ይላል፤ ዱቄቱ በቀዳዳው ይገባል። ልቆጣጠረው አልሞከርኩም። ትንፋሼን አልያዝኩም። ከአንገቷ ጀምሬ ወደ ጭንቅላቷ ሄድኩ፣ ከዚያ ወደ አፏ።

ወረቀቱን በቀስታ አነሳች። ጥቁሩ ዝብርቅርቅ ላይ ነጭ ወፍ ቆማለች። ዱቄቱ ቶሎ ስለሚረግፍ ሚስቴ ቀይ ማርከር አንስታ ነጥቡን እየተከተለች ልታያይዘው ጎንበስ አለች። መስመሯ እንደኔ ቀጥ ያለ አይደለም፤ ግን ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል።

ግማሽ ላይ ቆመች። መነጽሯን ወደ ግንባሯ ገፋች። የምታየው ጆንያውን ነው እንጂ እጄን አይደለም።

«እዚህ ጋ አልያዘም» አለች። «ድገመው።»

ደገምኩት።